ድባቴ ይበልጥ የሚይዘው ማንን ነው?

ጠያቂ፦ የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ
በሰፈራችን ስለ ድባቴ ሲነሳ «የሥራ ፈት ሕመም ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከወለደች ሦስት ወር የሆናት እኅቴ ልጇን አጥብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ፣ ቡና ተፈልቶ ስትጠራም «መጣሁ» እያለች ሳትነሳ ስትቀር አያለሁ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት ጎረቤታችንም ከሰው ተለይተው ቤት መዋል ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሕመሙ በእርግጥ ምን ያህል የተስፋፋ ነው? የሚበዛውስ በማን ላይ ነው?

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ሐረር
የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት በዓለም 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ድባቴ አለባቸው። ይህም ከአዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በወንዶች 4፣ በሴቶች 6፣ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ደግሞ 5.7 በመቶ ይደርሳል፤ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ለብቻ ሲታዩ ከ10 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ እኅትዎም ሆኑ ጎረቤትዎ ሕመሙ ከሚበዛባቸው ወገን ናቸው። «የሥራ ፈት» የሚለው አነጋገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥራ ማጣት፣ ድህነት፣ ሐዘን፣ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትና እንደ ስኳር ያለ የቆየ ሕመም ሰውን ለድባቴ ያጋልጣሉ።

እኛ ዘንድ «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው ከስንት አንድ ነው። አብዛኛው የታይፎይድና የጨጓራ ምርመራ ውጤቱን በፌስታል ይዞ ይመጣና «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤን ያፍነኛል» ይላል። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከታማሚዎቹ ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕክምና አያገኙም።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ገንደ ቆሬ
የወንዶቹ ቁጥር ዝቅ ማለቱን እጠራጠራለሁ። በእኛ ከተማ ወንድ ልጅ ከፍቶት በርጫ ላይ ቢውል «ምን ሆንክ?» የሚለው የለም፤ ማታ ዝም ሲል ምርቃናው በርዶ ነው፣ በማግስቱ ሲነጫነጭ ሐራራው ነው ተብሎ ይታለፋል። ሴቷ ግን አንድ ቀን ቡና ሳታፈላ ከቀረች ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ሐረር
መምህር፣ ልዩነቱ ቤት ለቤት በሚደረጉ ጥናቶችም ስለሚታይ ሁሉም የመደበቅ ውጤት ነው ለማለት እቸገራለሁ። ሆኖም በዓለም ራሳቸውን ከሚያጠፉት መካከል የሚበዙት ወንዶች ስለሆኑ፣ የወንዱ ሕመም ሳይታይ ይቆያል ማለትዎ የሚናቅ አይደለም። ጫት ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት ሊደበር ይችላል፤ ስሜቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሳይለቀው ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባበት ግን በሐራራ ማሳበብ አይገባም።

ጠያቂ፦ የሳቢያን ነዋሪ
እናመሰግናለን። እኅቴ ጠበል ጀምራለች፤ ሐኪም ቤት መሄዱ ይጋጭ ይሆን?

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከዚራ
አይጋጭም፤ እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። ሕፃኑን ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ስትወስድ ለራሷም እንድትታይ ይንገሯት፤ ከቤት ለመውጣት ሰበብ ማብዛት አያስፈልጋትም።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ሐረር
መድኃኒት ከታዘዘላት ለውጡ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብላ እንዳታቋርጥ። እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ስላሉ ማጥባቷን ለሐኪሙ ትናገር። ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለ መጉዳት ካሰበች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ጎረቤትዎም የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ ቢያደርጉ፣ ለደም ግፊትም ሆነ ለሌላ ሕመም የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይዘውት ቢሄዱ ለሐኪሙ ይቀለዋል።