የዋይፋይ ፓስዎርድ ሞደም ላይ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ?

የማታ ወፍ፦
እስቲ ፍረዱን። ባለፈው ሰሞን አዲስ ስልክ ይዤ እናቴ ቤት ገባሁ። ከዋይፋዩ ጋር ላገናኘው ስል ፓስዎርዱን የሚያውቅ ጠፋ። «ልጁ ነው ያስገባልኝ፣ እኔ ምኑን አውቄው!» አለች እናቴ። ልጁ ማለት ታናሽ ወንድሜ ነው። ደወልኩለት። «የድሮ ስልክ ቁጥሬ መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ እሱው ከኋላ ወደፊት ሲነበብ» አለኝ። ስድስቴ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ሲብስብኝ መርፌ ቁልፍ አምጥቼ ሞደሙ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ ወጋሁና ያዝኩ። መብራቶቹ ድርግም ብለው ጠፉ፤ ተመልሰው በሩ። እፎይ አልኩ።

ለካ ሪሴት የሚያጠፋው የዋይፋዩን ፓስዎርድ ብቻ አይደለም። ሞደሙ ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር የሚገናኝበትን የተጠቃሚ ስምና የሚስጥር ቁጥርም ጠራርጎ ወሰደው። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ተቀመጥን። እናቴ አላናገረችኝም ማለት ይቻላል። ሲስተካከል አዲሱን ፓስዎርድ በማርከር በትልቁ ጽፌ ሞደሙ ላይ ለጠፍኩት። ወንድሜ መጥቶ አየውና ቀደደው። «ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ የሚተኛ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ማን ነው ልክ?

ጥርጣሬ፦
ወንድምህ። ምን ያጠያይቃል? ቤት የሚገባው ሁሉ ያየዋል። ጠጋኙ፣ እንግዳው፣ የልጆች ጓደኛ። አንዴ ፎቶ ካነሳው አለቀ፤ ከቤትህ ቢወጣም ከኔትዎርክህ አልወጣም።

ወረቀት ደግሞ ካሜራ ውስጥ የመግባት አመል አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቲቪ5 ሞንድ የሚባለው የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ጣቢያ በሃከሮች ተመትቶ ሥርጭቱ ተቋረጠ። ስለዚሁ ጥቃት ሌላ ጣቢያ ላይ ዘገባ ሲተላለፍ ከጋዜጠኛው ጀርባ የጣቢያው ፓስዎርዶች በወረቀት ተጽፈው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ታዩ። በዚያው በተጠቁበት ሰሞን! ባለሙያዎቹ እንዲህ ከሆኑ፣ እኛ መደርደሪያችን ፊት ተቀምጠን ቪዲዮ የምንደውለው ምን ልንሆን ነው?

ኬብል ዘርጊው፦
ሥራዬ ነው፤ ሰው ቤት እየገባሁ ሞደም የምተክል እኔ ነኝ። ክርክሩ ይቆየን። የማታ ወፍ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን የእናትህ ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ ነበር?

የማታ ወፍ፦
አዎ፣ ምን ሆኖ? ቪዲዮ እያየች ነበር።

ኬብል ዘርጊው፦
እንግዲያው ፓስዎርዱ አልጠፋም ነበር። የተገናኘ ስልክ ሁሉ ፓስዎርዱን ያውቀዋል። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ሴቲንግ ትገባለህ፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የተገናኘበትን ስም ነክተህ ሼር ትላለህ። አሻራዋን ወይም ፒኗን ይጠይቃታል። ኪውአር ኮድ ይወጣል፤ ብዙዎቹ ስልኮች ላይ ከኮዱ ሥር ፓስዎርዱ ራሱ ተጽፎ ታየዋለህ። አዲሱን ስልክ ካሜራ አስጠግተህ ኮዱን ስካን ብታደርግ ምንም ሳትጽፍ ትገባ ነበር። አይፎን ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ከዋይፋዩ ስም አጠገብ ያለችውን ክብ ምልክት ነክተህ፣ ነጠብጣብ ሆኖ የተደበቀውን ፓስዎርድ ስትነካ ፊትህን አይቶ ይገልጥልሃል። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይም የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ከፍተህ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር «ሾው ካራክተርስ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን መንካት ነው።

አንድም የተገናኘ ዕቃ ከሌለ ሞደሙን ገልብጠው። ማንም ቀይሮት ካላወቀ ሆዱ ላይ የታተመው ይሠራል። ከተቀየረ ላፕቶፕ በኬብል ሞደሙ ላይ ሰክተህ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብለህ ትገባለህ። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፦ የሞደሙ መግቢያ ፓስዎርድና የዋይፋዩ ፓስዎርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መርፌ ቁልፍ የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

የማታ ወፍ፦
ስልኳ እኮ አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለት ቀን! በሉ ይህን እናቴ እንዳትሰማ።

ጥርጣሬ፦
አያችሁ? ወረቀቱም አያስፈልግም ማለት ነው። ስልኩ ካወቀው ምን ያስለጥፋል? እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስልኩ ፓስዎርዱን እንዲህ ፍርጥርጥ አድርጎ ማሳየቱ ራሱ ልክ ነው ወይ? ድረ ገጾች እኮ ፓስዎርድህን አያሳዩህም። ስትረሳ አዲስ አውጣ ይሉሃል።

ዝምተኛዋ፦
አብዛኛውን ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ድረ ገጽና ስልክ እዚህ ላይ አይወዳደሩም። ድረ ገጽ ፓስዎርድህን መፈተን ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ድረ ገጽ ከፓስዎርዱ ተሰልቶ የሚወጣ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ፓስዎርዱን የማይሰጥ ምልክት ይይዝና ፓስዎርዱን ይጥለዋል። ስልክህ ግን ቤት በገባህ ቁጥር አንተን ሆኖ ለሞደሙ መልስ የሚሰጥ ነው። የሚመልሰውን ካልያዘ በየቀኑ አንተን ሊጠይቅህ ነው። በአሻራና በፒን ቆልፎ ሊደብቀው ይችላል፤ መርሳት ግን አይችልም። ያለውን ነገር ለባለቤቱ ቢያሳይ ምኑ ነው ነውሩ?

የሦስት ልጆች እናት፦
እናንተ ስለ ሃከር ታወራላችሁ። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። እኛ ቤት ፓስዎርዱን የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበር። እሱ ሥራ ላይ ሆኖ ቴሌቪዥኑ «ፓስዎርድ አስገባ» ካለ በቃ፣ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እህቴ መጥታ «ዋይፋይ ስጪኝ» ስትለኝ በገዛ ቤቴ እንግዳ መሰልኩ። አንድ ቀን ተናድጄ ወረቀት ላይ አስጽፌ ለጠፍኩት። እስካሁን አለ። ማንም አልዘረፈን።

አንድ ጉዳት ግን አለው፣ አልደብቅም። ልጆቹ ማታ እንዲተኙ ፓስዎርድ እቀይር ነበር፤ ከተለጠፈ በኋላ ያ ዘዴ ቀረ። ደግሞ ትልቁ ልጄ ቀድሞም ወረቀት አላስፈለገውም። ሞደሙ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ታብሌቱን ያገናኝ ነበር። ምን እንደሆነች አላውቅም።

ኬብል ዘርጊው፦
ደብሊውፒኤስ ትባላለች እህቴ። ቁልፏን ተጭኖ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያለ ፓስዎርድ መግባት ነው። የቁልፏስ ይሁን፣ ሞደሙ አጠገብ መቆም ይጠይቃል። ክፉው ከእሷ ጋር የሚመጣው ባለ 8 አሃዝ ፒን ነው። 8 አሃዝ ሲባል መቶ ሚሊዮን ሙከራ ይመስላል አይደል? ሞደሙ ግን ፒኑን ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያውን 4 ለብቻው «ልክ ነው፣ አይደለም» ይላል። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ናት። ስለዚህ ሥራው ወደ 11 ሺህ ሙከራ ይወርዳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ይፋ ወጥቷል። አዳዲሶቹ ሞደሞች ሙከራ ሲበዛ ይቆልፋሉ፤ አሮጌ ያላችሁ ግን ገብታችሁ አጥፉት። ወረቀት ቀድዳችሁ ይህን ክፍት ከተዋችሁት በሩን ዘግታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ተኛችሁ ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሞደም ላይ አይደለም፣ ደብተር ላይ። ደብተሩ ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ ይቀመጣል። ብሩስ ሽናየር የሚባለው የታወቀ የደኅንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2005 ፓስዎርዳችሁን ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ ብሎ መክሮ ነበር። ትንሽ ወረቀት መጠበቅ ሰው ሲወለድ ጀምሮ የለመደው ነገር ነው። ሃያ ፊደል መሸምደድ ግን አልለመደም።

ጥርጣሬ፦
መምህር፣ እርስዎ የሚሉትን እቀበላለሁ። ደብተር ሌላ ነው፣ ልጥፍ ሌላ ነው። እርስዎ ያስቀመጡትን እርስዎ ብቻ ያውቁታል።

ጡረተኛው መምህር፦
እሱ ላይ ነው ችግሩ የኔ ልጅ። አንድ ጊዜ ታምሜ ከቤት ርቄ ከረምኩ። የልጅ ልጆቼ ደብተሩን ቤቱን አገላብጠው አላገኙትም። ስመለስ ሞደሙን ሪሴት አድርገውታል። ከዚያ ወዲህ ለአንዷ ነግሬያታለሁ።

ዝምተኛዋ፦
ጥርጣሬ፣ አንድ ጥያቄ። የምትፈራው ማንን ነው? ከአጥር ውጭ ያለውን ከሆነ እሱ ወረቀቱን አያይም። እሱ የሚያደርገው ስልክህና ሞደሙ ሲገናኙ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ከአየር ላይ ቀድቶ ቤቱ መሄድ ነው። ከዚያ እየገመተ ይሞክራል፤ ማንም አያየውም፣ ሞደሙም አይቆልፍበትም። ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴ ላይ ይህ ይቻላል። እዚያ ላይ የሚያድንህ ፓስዎርዱ ረጅምና ለግምት የማይመች መሆኑ ብቻ ነው። ከ8 እስከ 63 ፊደል ተፈቅዶልሃል። ሰው ግን በቃሉ መያዝ ሲኖርበት ምን ይመርጣል? ስልክ ቁጥር! አሃዝ ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹም ስለሚታወቁ ኮምፒውተር ለመገመት ብዙ አይለፋም።

እና የማታ ወፍ ወንድም ወረቀቱን ቀደደ። ፓስዎርዱን ግን ስልክ ቁጥሩ አድርጎት የነበረ ሰው እሱው ነው። ረስቶትም ነበር!

የማታ ወፍ፦
ይህን ስክሪንሾት አድርጌ ልልክለት ነው።

ጥርጣሬ፦
ላክለት፤ እኔ ግን አልተሸነፍኩም። ረጅም ይሁን፣ ይጻፍም እሺ። የውስጡን ሰው ግን ዘለላችሁት። ደብሊውፒኤ2 ላይ ፓስዎርዱን የሚያውቅ ሰው፣ ያንኑ ሰላምታ ከቀዳ፣ የሌላውን የቤት ሰው የዋይፋይ ልውውጥ መፍታት ይችላል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በራሱ የተቆለፈ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የማታውቀው ሰው ከፕሪንተርህና ከካሜራህ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 የመጀመሪያውን ያስተካክላል። ሁለተኛውን አያስተካክልም። የስንታችን ሞደም ነው ደግሞ ደብሊውፒኤ3 ያለው?

ኬብል ዘርጊው፦
ለዚህ እኮ የእንግዳ ዋይፋይ አለ። ብዙ ሞደም ላይ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ የሚከፍተው ጠፍቶ ነው። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ ካሜራህንና ፕሪንተርህን አያይም። የእንግዳውን ለጥፉ፣ የቤቱን ደብቁ። ሰው ቤት ስሄድ አሁን ሁለቱንም ነው የማወጣው።

አንድ የሥራ ምስጢር ልጨምር። ሞደም ስትቀይሩ የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ልክ እንደ ድሮው አድርጉት። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ማንም ሳይነካው ራሱ ተመልሶ ይገባል። ፓስዎርዱ የሆነ ቦታ ተጽፎ ከሌለ ግን ይህ አይሆንላችሁም፤ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ስትዞሩ ትውላላችሁ።

ጥርጣሬ፦
ፋብሪካዎቹስ? ፓስዎርዱን ሞደሙ ሆድ ላይ ማተማቸው ልክ ነው?

ዝምተኛዋ፦
ከድሮው ይሻላል። ድሮ ሺህ ሞደም አንድ ዓይነት ፓስዎርድ ይዞ ነበር የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራና ሞደም እየለቀመ ለጥቃት የሚታዘዝ ሠራዊት የሠራው በእነዚያ የተለመዱ የመግቢያ ፓስዎርዶች ነው። አሁን በካሊፎርኒያ ከ2020፣ በብሪታኒያ ከ2024 ጀምሮ ሕጉ ለሁሉም አንድ የሆነ ፓስዎርድ ከልክሏል። ወይ ለየዕቃው የተለየ ይሁን፣ ወይ ባለቤቱ ያውጣ ነው። የተለየ ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ መታተም አለበት። በሬዲዮ አይነገር!

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ወረቀቴን አላነሳም። የእንግዳውን ግን ዛሬ አስከፍታለሁ። ትልቁ ልጄ ይክፈተው፣ ሙያው ነው።

የማታ ወፍ፦
ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። ስክሪንሾቱን አይቶ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። የቤቱን አምስት የማይገናኙ ቃላት አደረግነው፤ ወረቀቱን አጥፈን ሞደሙ ሆድ ሥር ከተትነው። የእንግዳው በኪውአር ኮድ ታትሞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ለእናንተስ ስትመጡ የትኛውን ነው የምሰጣችሁ?» ሁለታችንም መልስ አጣን። ይኸው ፎቶው። አትስጉ፣ የፓስዎርዱን ጽሑፍ በጥቁር ሸፍኜዋለሁ።

ጥርጣሬ፦
ኪውአር ኮዱስ?

የማታ ወፍ፦
ምን ሆነ?

ጥርጣሬ፦
ፓስዎርዱ እኮ ኮዱ ውስጥ ነው ያለው። አሁን በስልኬ ስካን አደረግኩት፤ ላንብብልህ?

ኬብል ዘርጊው፦
ፎቶውን አጥፋው ወንድሜ። ቶሎ!