ልዕለ ጀግና ፍቅረኛ የግድ ያስፈልገዋል?

ሰማያዊ ካባ፦
የዛሬው መከራከሪያችን አጭር ነው፤ የልዕለ ጀግና ፊልም ያለ ፍቅር ታሪክ መቆም ይችላል ወይስ አይችልም? ይችላል ባይ ነኝ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም።) የ2012ቱ «አቬንጀርስ» ስድስት ጀግኖች ሰብስቦ ኒው ዮርክን ሲያድን የማንም ፍቅር የታሪኩ ምሰሶ አልነበረም። የ2017ቱ «ሎጋን» አንድ ያረጀና የታመመ ሰውን ከአንዲት ልጅ ጋር መንገድ ላይ አውጥቶ ስንቱን አስለቀሰ። በ2019 «ካፒቴን ማርቭል» ያለ አንዳች ፍቅረኛ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች። በተቃራኒው የ2011ዱን «ቶር» እዩ። የዘመናት ዕድሜ ያለው ተዋጊ ከአንዲት ሳይንቲስት ጋር ጥቂት ቀናት ውሎ ዓለሙ ሁሉ ይገለበጣል። መቼ ተዋወቁና? በ2016ቱ «ሲቪል ዋር» ደግሞ ስቲቭ ሮጀርስ (ካፒቴን አሜሪካ) የድሮ ፍቅረኛውን የፔጊ ካርተርን የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ በሸኘ ማግስት፣ በቀብሩ ላይ ስለ ፔጊ «አክስቴ» ብላ የተናገረችውን ሻሮንን ይስማል። ለወግ ያህል የገባ ፍቅር እንዲህ ነው የሚያሳፍረው።

መምህርቷ፦
ምሳሌዎችህ መጥፎ የተጻፈ ፍቅርን ያሳያሉ እንጂ ፍቅር አላስፈላጊ መሆኑን አያሳዩም። ሱፐርማን በሰኔ 1938 በታተመው የመጀመሪያው መጽሔት ላይ ሲወጣ ፍቅረኛው የምትሆነው ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌንም እዚያው ነበረች። ኋላ የተደረበች ሴት አይደለችም። የ2025ቱን «ሱፐርማን» ፊልም አይታችሁ ከሆነ አንዱን ትዕይንት አስታውሱ። ክላርክ (ሱፐርማን ራሱ) እና ሎይስ ከተቀራረቡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ እሷ ማንነቱን ታውቃለች። እስከዚያ ድረስ የሱፐርማንን ቃለ ምልልስ ራሱ ጠያቂ ራሱ መላሽ ሆኖ ሲጽፍ የኖረው እሱ ነው። ቤቷ ውስጥ «እኔ ልጠይቅህ» ትለዋለች፤ መቅረጫውን ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ ፍቅረኛው የለችም፣ ጋዜጠኛዋ ብቻ ናት። ቦራቪያ (የፊልሙ ምናባዊ አገር) ጎረቤቷን ልትወር ስትል ጣልቃ የገባኸው ማንን አማክረህ ነው? በማን ስም? ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አስበሃል? ጥይት የማይበሳው ሰው በጥያቄ ይቆስላል፣ ይቆጣል፣ ሰዎች ሊሞቱ ነበር እያለ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በዚያ ፊልም ከፈረሱት ሕንፃዎች ሁሉ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ይህ የሳሎን ጭቅጭቅ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ ልጆቼን ይዤ ነው ሲኒማ የምገባው። መሳሳሙ ሲጀመር ትንሹ ሽንት ቤት ይለኛል፣ ትልቋ ስልኳን ታወጣለች። ግን «ዘ ኢንክሬዲብልስ»ን፣ የ2004ቱን ካርቱን፣ ቤት ውስጥ ሲያዩ ንቅንቅ አይሉም። የዚያ ፊልም ልብ ትዳር አይደለም እንዴ? ሚስትየው የባሏ ኮት ላይ አንዲት ረጅም ነጣ ያለች ጸጉር ታገኛለች፤ ሰውየው የቀድሞ የጀግንነት ሥራውን በድብቅ ጀምሯል፣ እሷ ግን ሌላ ሴት አለች ብላ ትጠረጥራለች። ልጆቹ የጥርጣሬውን ምንነት አይረዱም፤ እናትየው እንደከፋት ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ስለዚህ የፊልም ሠሪዎች ጀግናውን ሁልጊዜ ከማሽኮርመም ለምን ይጀምሩታል? ያገባ ጀግና አሳዩን።

የኮሚክ አንባቢ፦
ጋሼ ያነሱትን እወደዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ፍቅረኛዋ ምን ትሆናለች? በ1973 የስፓይደርማን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ በኮሚኩ ከድልድይ ወድቃ ሞተች፤ የ2014ቱ «አሜዚንግ ስፓይደርማን 2» ያንን ሞት ወደ ፊልም አመጣው። በ2008ቱ የባትማን ፊልም «ዳርክ ናይት» ሬቸል ዳውስ በፍንዳታ ትሞታለች፤ ከእሷ ሞት በኋላ ፊልሙ የሚጨነቀው ስለሚወዷት ሁለት ወንዶች ነው። በ1994 የወጣ የ«ግሪን ላንተርን» ዕትም ላይ ጀግናው ቤቱ ሲገባ የፍቅረኛውን አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኛል። ደራሲዋ ጌል ሲሞን በ1999 እንዲህ የተገደሉ፣ የተደፈሩና ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴቶችን በዝርዝር ሰብስባ ለአንባቢ ያቀረበችው ከዚህ ተነስታ ነው። ስሟን የምናውቀው ወንዱ እንዲቆጣ ስትሞት ብቻ ከሆነ፣ ለእኔ ያቺ ሴት ባትጻፍ ይሻላል። በዚህ ከሰማያዊ ካባ ጋር ነኝ።

ሰማያዊ ካባ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። መምህርት፣ እርስዎ የጠቀሱትን ጥያቄ ጓደኛም ልትጠይቀው ትችላለች። ካሮል ዳንቨርስን (ካፒቴን ማርቭልን) ወደ ራሷ የመለሰቻት ማሪያ ራምቦ ጓደኛዋ ናት። እህትም፣ አባትም፣ አለቃም ይህን ይሠራል። ፍቅር ምን ይጨምራል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለዚህ መልሱ «ብላክ ፓንተር» ውስጥ አለ። የ2018ቱ። የምናባዊቷ አገር የዋካንዳ ንጉሥ ሊሆን ያለው ቲቻላ፣ የሚወዳትን ሰላይ ናኪያን ሊያመጣ ናይጄሪያ ጫካ ውስጥ ይወርዳል፤ እሷ በታገቱ ሴቶች መሃል ራሷን ደብቃ በሥራ ላይ ናት። ሲያያት ክው ብሎ ይቀራል። ሰው ይስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ። ቁም ነገሩ ግን የሚመጣው ኋላ፣ ዋካንዳ ገበያ መሃል ሲሄዱ ነው። እንድትቀር ይለምናታል። እሷ የውጭውን መከራ አይታ እዚህ ተደላድላ መኖር እንደማትችል፣ አገሪቱ ካላት ማካፈል እንዳለባት ትነግረዋለች። እሱ ይፈራል። የፊልሙ ባላጋራ ኪልሞንገር በጦር መሣሪያ የሚያነሳውን ጥያቄ ናኪያ ቀድማ በሰላም አንስታዋለች ማለት ነው። አሁን ልብ በል፤ እህቱ ሹሪ ብትናገረው ይሰማና ያልፈዋል፣ ሰላይ ብቻ ብትሆን ያዝዛታል። ንጉሥ ነውና ሁሉን ማዘዝ ይችላል፤ አብራው እንድትኖር ግን ማዘዝ አይችልም። አቋሟ ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ኦክላንድ የሚከፈተውን የበጎ አድራጎት ሥራ እንድትመራ የሚያደርገውም ይኸው ክርክር ነው። ፍቅሩን አውጣው፣ የፊልሙ ሐሳብ ግማሹ አብሮ ይሄዳል።

መምህርቷ፦
በዚያ ላይ የ2004ቱን «ስፓይደርማን 2» ጨምርበት። ፒተር (ስፓይደርማን) በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ፣ መቃብር ቦታ ላይ፣ ከሚወዳት ከሜሪ ጄን ለመራቅ፣ ለእሷ ብሎ፣ ለብቻው ይወስናል፤ ምክንያቱን እንኳ አይነግራትም። በሁለተኛው የሰርግ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ትቆምና አደጋውን አውቄ የምመርጠው እኔ ነኝ ትለዋለች። ጓደኛ እንዲህ ያለ ውሳኔ ነጥቆ አይወስድብህም።

ሰማያዊ ካባ፦
ናኪያን ተቀብያለሁ። ናኪያ ግን በየፊልሙ የለችም፤ መሳሳሙ ግን በየፊልሙ አለ። ደራሲው ሴቲቱ ጀግናውን በምን እንደምትሞግተው መናገር ካልቻለ ይተወው። የ2019ኙ «ኤንድጌም» መዝጊያ፣ የስቲቭና የፔጊ ዳንስ፣ ይህን መስፈርት ያልፋል?

የኮሚክ አንባቢ፦
ለእኔ አያልፍም። በ2014ቱ «ዊንተር ሶልጀር» ፔጊ ታማ አልጋ ላይ ሆና ሕይወቷን እንደኖረች፣ የሚቆጫት እሱ የራሱን ሕይወት አለመኖሩ እንደሆነ ራሷ ነግራዋለች። ባል አግብታለች፤ የልጆቿ ፎቶ አጠገቧ ነው። እሱ በጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያገባት ያ ባል፣ እነዚያ ልጆች የት ገቡ? ሦስት ሰዓት በሚዘልቅ ፊልም ውስጥ ይህን አንድ ሰው አልጠየቃትም፤ አንድ ቃል ሳትናገር ነው የምትደንሰው።