ባሌ ጎንደር፣ እኔና ልጄ ሜሪላንድ፤ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

የአራዳዋ
ጥር 24፣ 2018

ሰላም ለዚህ ቤት። ለጥምቀት መጥቼ ጎንደር ነው ያለሁት፣ ኔቱ ስለሚቆራረጥ መልስ ከዘገየሁ ይቅርታ። ትናንት ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ ሜሪላንድ ካለው ታክስ ሠሪዬ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ነው የዋልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ዜግነት አለኝ። እዛው የተወለደ የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፣ የሚኖረውም ከኔ ጋር ነው። ከአባቱ ጋር ከተፋታን ቆይተናል። አምና ጥር ላይ፣ በፈረንጅ 2025 መሆኑ ነው፣ ጎንደር መጥቼ አገባሁ። ማዘጋጃ ፈርመናል፣ ሠርጉም በወጉ ተደግሷል። ባለቤቴ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም፣ ፕሮሰሱ ገና ነው።

እስከ ዛሬ ሁሌ የአሜሪካ ታክሴን በሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ነበር የምሞላው፣ ላጤ ሆኖ ልጅ ይዞ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ታክስ የሚቀንስለት ምድብ ነው። ዘንድሮ ታክስ ሠሪው "አገባሽ? እንግዲያው ማሪድ ፋይሊንግ ሴፓሬትሊ ነሽ፣ ባለትዳር ሆነሽ ለብቻሽ ትሞያለሽ፣ አለቀ" አለኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ "ሲንግል በይና ተገላገይ፣ ሠርግሽን ጎንደር ድረስ መጥቶ የሚቆጥር የለም" ትላለች።

ጨርሶ ግራ ያጋባኝ ግን ባሌ ነው። ቅጹን ስልኬ ላይ ሳይ ከኋላዬ ሆኖ አነበበና "ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ አባወራ ማለት አይደል? ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?" አለ። እናቱ ቡና እየቀዱ ነበር፣ በሳቅ አንዱን ሲኒ ረከቦቱ ላይ ደፉት።

ሌላም ልጠይቅ። አዘዞ ያለችውን እናቴን የቤት ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ይሄ ይቆጠርልኛል? ልጄ ደግሞ ክረምቱን ሁለት ወር ተኩል አያቱ ጋር ጎንደር ነው የከረመው፣ ይሄስ ያበላሽብኛል?


ማራኪ18

እንኳን አደረሰሽ እህቴ። በመጀመሪያ ሲንግል በይ የምትልሽን ልጅ አትስሚያት። የሚታየው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ያለሽበት ሁኔታ ነው፣ ዲሴምበር 31፣ በኛ ታኅሣሥ 22። በዚያን ቀን ባል ካለሽ ባለትዳር ነሽ። ማዘጋጃ የፈረምሽው ጋብቻ እዛም ጋብቻ ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ያገባ ሰው ግን ለ2025 ገና ላጤ ነው።

ታክስ ሠሪሽ ደግሞ ሕጉን ግማሽ ድረስ አንብቦ ነው የተወው። ባልሽ ዜጋ አይደለም፣ ግሪን ካርድ የለውም፣ እዛ ኖሮም አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው አይ አር ኤስ፣ የአሜሪካው ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ነን ሬዚደንት ኤሊየን ይለዋል፣ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ማለት ነው። ባልሽ በዓመቱ ውስጥ ነን ሬዚደንት ከነበረና አንቺም እንደ ነዋሪ ይቆጠርልኝ ብለሽ ካልመረጥሽ፣ ለሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ሲባል እንዳላገባሽ ትቆጠሪያለሽ። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ባልሽን አታስደንግጪው። የአይ አር ኤስ መመሪያ ፐብሊኬሽን 501 ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ከፍተሽ አሳዪው።

ባልሽ ራሱ ግን አያስቆጥርሽም። ሌላ ሰው ያስፈልግሻል፣ እሱም ልጅሽ ነው። ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አንቺ ቤት መኖር አለበት፣ የቤቱንም ወጪ ከግማሽ በላይ የከፈልሽው አንቺ መሆን አለብሽ። የክረምቱ አያሳስብሽ። ለዕረፍት ሄዶ የተመለሰ ልጅ ቤቱ እንደነበረ ነው የሚቆጠረው፣ ባይቆጠርም እንኳ ዘጠኝ ወር ተኩል ይቀርሻል። ልጁን አያቱ ጋር ትተሽው ዓመቱን ሙሉ እዚህ ቢማር ኖሮ ያኔ ሌላ ጨዋታ ነበር።

ብሩን ላሳይሽ። ለ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ፣ ታክስ የማይነካው የገቢሽ ክፍል ማለት ነው፣ ለሴፓሬትሊ 15,750፣ ለሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ 23,625 ዶላር ነው። ገቢሽ ለምሳሌ 46,000 ቢሆን በሴፓሬትሊ ታክስሽ 3,391 ከሃምሳ ሳንቲም ይመጣል። በሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ 2,345። ይሄ ከታክሱ ላይ የሚቀነሰው የልጅ ክሬዲት ሳይነካው ነው። ከሺ ዶላር በላይ ነው ልዩነቱ፣ አንድ ትኬት ማለት ነው።


ታክስ ያስመረረው

የእናትሽን ነገር እኔ ልመልስልሽ፣ ዋጋ ከፍዬበታለሁና።

እኔ ቨርጂኒያ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ እናቴ ጎንደር። አንድ ታክስ ሠሪ፣ ስሙ ይቅር፣ "እናትህን ትጦራለህ? እንግዲያው ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ነህ" ብሎ ሞላልኝ። ተመላሹ ሲጨምር ደስ አለኝ፣ አልጠየቅሁም። ከዓመት በላይ ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። እኔም የላክሁበትን ደረሰኝ ሁሉ፣ የሐዋላውን፣ የባንኩን፣ አንድ በአንድ ሰብስቤ ላክሁ። የጫማ ካርቶን ሙሉ ነበር። ለካ የሚጠይቁኝ ብር መላክ አለመላኬን አልነበረም።

ለወላጅ የተለየ ሕግ አለ። አባት ወይም እናት አብረውህ ባይኖሩም ይቻላል፣ የሚኖሩበትን ቤት ወጪ ዓመቱን ሙሉ ከግማሽ በላይ ከከፈልክ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እናትህ በታክስ ሕጉ ዲፔንደንትህ፣ ማለትም ጥገኛህ መሆን አለባቸው፣ ለዚያ ደግሞ ወይ የአሜሪካ ዜጋ ወይ ለታክስ የአሜሪካ ነዋሪ፣ ወይ ደግሞ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለባቸው። ሜክሲኮ ያለች እናት ታስቆጥራለች፣ አዘዞ ያለች አታስቆጥርም። አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ አደባባይም አይሠራም፣ ጠይቄያለሁ።

ልዩነቱን ከነወለዱ ከነቅጣቱ መለስኩ። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም፣ ብታውቅ "ለኔ ስትል ነው" ብላ ስታለቅስ ነው የምትከርመው።


ወለቃ

ማራኪ18 ይቅርታ አድርግልኝ፣ እንደማውቀው ግን ባልና ሚስት የዓመቱን የመጨረሻ 6 ወር ተለያይተው መኖር አለባቸው። ጠያቂዋ በዚያ ጊዜ ጎንደር መጥታ ባሏ ጋር ከነበረች ወደቀች ማለት ነው። ሰውን አታሳስቱ።


የአራዳዋ

ወይኔ! ነሐሴ ላይ ልጁን ልወስድ መጥቼ ሦስት ሳምንት ባሌ ጋር ነበርኩ።


ማራኪ18

ወለቃ ያልከው ሕግ አለ፣ ግን የሌላ ሰው ሕግ ነው። ባሏም አሜሪካዊ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሆኖ ተኮራርፈው ተለያይተው ለሚኖሩ ነው የስድስት ወሩ። ባል ነን ሬዚደንት ሲሆን በር ሌላ ነው፣ ስንት ሌሊት አብረሽው አደርሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። እህቴ፣ ከባልሽ ጋር እንደልብሽ ክረሚ።

የአባወራውን ጨዋታ ግን ወድጄዋለሁ። እኛ ጋ አባወራ ማለት ማዕድ ሲቀርብ ፊት የሚቀመጠው፣ እንግዳ ሲመጣ "ግቡ" የሚለው ነው። እነሱ ጋ የኪራዩንና የአስቤዛውን ደረሰኝ የያዘው ነው። ደረሰኙ አንቺ ጋ ስለሆነ እማወራ ነሽ በይውና ይለቅሽ።


የአራዳዋ

ሃሃሃ ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ "ደረሰኝማ ሱቄ ውስጥ ሞልቷል" አለ።

እሺ፣ የወጪው ነገር ነው አሁን የከበደኝ። ቤቱን የምንኖርበት ከታላቅ እህቴ ጋር ነው፣ አሁንም ልጄ እሷ ጋር ነው ያለው። ኪራዩ በወር 1,800 ነው፣ እሷ 700 ታዋጣለች። መብራትና ውሃ በዓመት ወደ 2,400፣ ሁሉንም እኔ ነኝ። አስቤዛ ወደ 6,000 ይሆናል፣ እሷ ምናልባት 1,800 ታወጣለች። ልጄን ደግሞ ጥርሱን አሳስሬዋለሁ፣ መኪናም አለ፣ የእግር ኳስ ክፍያም አለ።

ሌላው፣ በፍርድ ቤት ስምምነታችን የልጁን ክሬዲት አንድ ዓመት እኔ አንድ ዓመት አባቱ እንወስዳለን። የ2025 ተራው የሱ ነው። እሱ ከወሰደ እኔ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ መሆኔ ይቀራል አይደል?


የቀሃው

ጥርሱን፣ መኪናውን፣ ኳሱን አውጪያቸው። ልብስ፣ ሕክምና፣ ትምህርት፣ ትራንስፖርት፣ ሽርሽር አይገቡም። የሚገባው ኪራይ ወይም የቤት ብድር ወለድ፣ የቤት ግብር፣ የቤት ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ መብራትና ውሃ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ምግብ ነው። ቤት ውስጥ የሚበላ ነው ያልኩት፣ እንጀራው ይገባል፣ ሬስቶራንት የበላሽው ክትፎ አይገባም።

ሒሳቡ፦ ኪራይ በዓመት 21,600፣ መብራትና ውሃ 2,400፣ ምግብ 6,000፣ ጠቅላላ 30,000። የእህትሽ 8,400 ሲደመር 1,800፣ 10,200። ያንቺ 19,800። ግማሹ 15,000 ነው፣ በደንብ አልፈሻል። ግን "ምናልባት" የምትይውን ነገር ተይና የባንክ ወረቀትሽን አውጪ፣ የኪራይ ውሉንም። ልጁ አንቺ ጋር እንደሚኖር የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወረቀት ከነአድራሻው ያዢ። ታክስ ሠሪዎች ለዚህ ምድብ ፎርም 8867 ላይ ደንበኛውን ጠይቄ አጣርቻለሁ ብለው መሙላት አለባቸው፣ ካላጣሩ ይቀጣሉ። ያንቺው ሰው ፈርቶ ሊሆን ይችላል ቀላሉን የመረጠው። ወረቀቱን ፊቱ ስታስቀምጪለት ይለሳለሳል።

ስለ ልጁ አባት፦ አይቀርም። ፎርም 8332 ፈርመሽ ስትሰጪው የምትለቂለት የልጁን ክሬዲት ነው። ልጁ ብዙውን ሌሊት የሚያድረው አንቺ ጋር ስለሆነ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልዱ ያንቺው ነው። እሱ በዚያ ፎርም ክሬዲቱን ወስዶ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድም ልሁን ቢል ግን አይችልም። ብዙ የተፋቱ ሰዎች በዚህ ሲጣሉ አይቻለሁ፣ ሁለቱም አንድ ልጅ ይዘው ይሞላሉ፣ ከዚያ ለሁለቱም ደብዳቤ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረሽም። ባልሽን እንደ ነዋሪ ቁጠሩልኝ ብለሽ መርጠሽ አብራችሁ መሙላትም ትችላላችሁ። የባልና ሚስት ዲዳክሽን ለ2025 31,500 ነው። በዚያው 46,000 ብናሰላው ታክሱ 1,450 ብቻ ይሆናል፣ ከሄድ ኦፍ ሃውስሆልዱም ያንሳል። ስትሰሚው ያጓጓል። ግን ያኔ የሱ ገቢ ከየትም ይምጣ ይገባል፣ የሱቁ ትርፍ በብር የተገኘውም በዶላር ተመንዝሮ። አይቲን የሚባል የታክስ ቁጥርም ያስፈልገዋል፣ ለዚያ ፎርም ደብልዩ 7 ከፓስፖርት ጋር ይሄዳል። ዋናውን ፓስፖርት ወይም ከሰጠው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ቅጂ ይጠይቃሉ፣ ካልሆነ በተፈቀደለት ወኪል በኩል ነው። ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው ዋናውን ፓስፖርት ፖስታ ውስጥ መክተት፣ እኔ አላደርገውም። ደግሞ ምርጫው ለሚቀጥሉት ዓመታትም ይቀጥላል፣ አንዴ ካቋረጣችሁት ተመልሳችሁ አትመርጡትም። እኔ ብሆን ዘንድሮ በሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ሞልቼ እሱ ሲገባ አብሬ እሞላ ነበር። ምርጫው ግን የናንተ ነው፣ የሱቁን ትርፍ ካወቃችሁ ሁለቱንም አስሉት።


ወለቃ

እሺ ተሸነፍኩ። የስድስት ወሩን ከወንድሜ ነበር የሰማሁት፣ የሱ ሚስት ግሪን ካርድ አላት፣ ለዚያ ነው ለካ። የመጨረሻው ቀን መቼ ነው ግን?


ማራኪ18

ኤፕሪል 15፣ ሚያዝያ 7። ዘንድሮ ከፋሲካ በሦስተኛው ቀን ይውላል፣ ዶሮ ወጡ ሳያልቅ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከጾሙ በፊት ጨርሱ።


የአራዳዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለታክስ ሠሪው የፐብሊኬሽን 501ን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ሁለት ሰዓት ያህል ጠፋና "እህቴ ልክ ነሽ፣ የኪራይ ውሉንና የትምህርት ቤቱን ወረቀት ይዘሽ ነይ" ብሎ ጻፈልኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም፣ ይሁን።

የጋራውን ከባሌ ጋር አነሳነው። የሱቁን ትርፍ ስጠይቀው መጀመሪያ "ምን ትርፍ አለ" አለኝ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ደብተሩን አምጥቶ ማታውን ሙሉ ሲደምር አመሸ። ፓስፖርቱን ግን አልሰጥም ብሏል። ስለዚህ ዘንድሮ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ነኝ።

የእናቴን ኪራይ እንደሁ እከፍላለሁ፣ ቆጠሩትም አልቆጠሩትም። ማክሰኞ ነው በረራዬ፣ በርበሬውና ሽሮው ታስሯል፣ አሁን የቀረኝ ባሌን "የወረቀት ብቻ ነው" እያልኩ ማባበል ነው። ትናንት እንግዳ መጣና በሩን ከፍቶ "ግቡ፣ እማወራዋ ውስጥ ናት" ብሎ አስገባቸው።