ሥዕሎቼን ወደ ቤት ማስዋቢያ ስብስብ መቀየር፦ ጨርቁ፣ ብዛቱና ዋጋው እንዴት ይወሰን?

ሸራና ቀለም
ሰላም ለሁላችሁም። በውኃ ቀለም የተሠሩ 12 ሥዕሎች አሉኝ። አብዛኞቹ የአገራችን ዕፅዋት ናቸው፦ አደይ አበባ፣ ኮሶ፣ እንሰት፣ ቡና። ሁለቱ ላይ የላሊበላ መስቀል አለ። እነዚህን የሶፋ ትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ራነር (ጠረጴዛ መሐል ላይ የሚዘረጋ ረጅምና ጠባብ ጨርቅ) እና ከረከቦት ሥር የሚነጠፍ ጨርቅ አድርጌ ለገና ገበያ ማድረስ እፈልጋለሁ። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ በሸማኔ ላሠራው ወይስ ላሳትመው? ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ፍሬ ይበቃል? ሱቅ ላይ ስንት ልበል? አንድ ሆቴል ደግሞ የእንሰቱን ሥዕል ለመጋረጃ «ሸጪልን» ብሎኛል፤ ምን ብዬ ልዋዋል?

ድርና ማግ
እህቴ፣ ከሥዕሉ በፊት ጨርቁን ወስኚ። የውኃ ቀለም ሥዕል እንዳለ ወደ ሽመና አይገባም። ጥለት የሚወጣው ክር ተቆጥሮ ስለሆነ ክብ የነበረው መስመር ሁሉ ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ የአደይ ቅጠል ጫፍ እየሳሳ የሚጠፋበት ውበት ሸማ ላይ አይገኝም። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ውሰጂና አንዱን ካሬ እንደ አንድ የክር ቡድን ቆጥረሽ አበባውን በ20 ወይም በ24 ካሬ ስፋት እንደገና ንደፊው። እዚያ ላይ አበባ መሆኑ ከታወቀ ሸማኔውም ይሠራዋል፤ ካልታወቀ ለኅትመት ተዪው። በአንድ ረድፍ ከሦስት ቀለም አትለፊ። እያንዳንዱ ቀለም በእጅ የሚገባ የራሱ ክር ነው። ቀለም በጨመርሽ ቁጥር ሥራው ይዘገያል፣ ከጀርባ የሚንጠለጠለውም ክር ይበዛል፤ ትራስ ሲሞላና ሲወልቅ ያ ክር እየተያዘ ይተረተራል።

አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ስፋት ላይ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚያቀብል የጨርቁ ስፋት በክንዱ ርቀት ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። 45 በ45 ለሆነ ትራስ በሁለቱም ጎን 1.5 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ሲጨመር 48 ያስፈልጋል። ከ90 ላይ ሁለት ጊዜ 48 አይወጣም፤ 42 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ድሩ ሲዳወር ጀምሮ በሚያስፈልግሽ ስፋት ይዳወር።

ልኩን ለማወቅ መጀመሪያ ናሙና አሠሪ። ናሙናው ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በቀይ ክር ምልክት አድርጊ፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥበሽ፣ ጥላ ላይ አድርቀሽ፣ በካውያ ተኩሰሽ ለኪው። 46 ከሆነ 8 በመቶ ተሰብስቧል ማለት ነው። እንግዲህ 48ን ለ0.92 ስታካፍይ 52 ገደማ ይመጣል፤ 53 ብለሽ እዘዢ። ርዝመቱም እንደዚያው ነው። ዚፕ የሌለው፣ ከኋላ ተደራርቦ የሚዘጋ ትራስ ከሆነ ፊቱ 45፣ ጀርባው 45፣ መደራረቢያው 15፣ የሁለቱ ጫፍ ቅምቅማት 5፣ ድምሩ 110 ነው፤ ለ0.92 ሲካፈል 120። ስለዚህ 53 በ120 የሆነ አንድ ቁራጭ አንድ ትራስ ይወጣዋል፤ ጎኖቹ ተሸምነው ያለቁ ጠርዞች ስለሆኑ አይተረተሩም፣ የሚጣልም ጨርቅ የለም። ድርና ማጉ እኩል ላይሰበሰቡ ስለሚችሉ በሁለቱም አቅጣጫ ለኪ። ሳይታጠብ የተሰፋ ትራስ ገዢው ቤት ሄዶ ይጠባል፤ ያኔ ስፌቱ ይፈነዳል።

ባለቀለም ክር ለጠቅላላው ሥራ በአንድ ጊዜ ግዢ፣ ከሒሳቡም 15 በመቶ አስበልጪ። በወሩ ተመልሰሽ «ያንኑ ቀይ» ብትይ ከሌላ ማቅለሚያ ዙር የወጣ ይሰጥሻል፤ ልዩነቱ ሁለቱ ትራሶች ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይታያል። ቀይና ጥቁሩን ከነጭ ጨርቅ ጋር አብረሽ ለ30 ደቂቃ ሞቅ ባለ ውኃ ዘፍዝፊ። ነጩ ከጠቆረ ወይም ከቀላ ያ ክር ነጭ ሸማ ላይ እንዳይገባ።

ስለ መስቀሉ ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መስቀል ሰው የሚደገፍበት ትራስ ወይም የሚረገጥ ጨርቅ ላይ አይሆንም። ብዙ ገዢ ያዝንብሻል፣ ባያዝንም ተገቢ አይደለም። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ አቆዪው። ለትራስ ከፈለግሽ የብራና መጻሕፍት ጠርዝ ላይ የሚሣለው ሐረግ አለልሽ፤ የሚጠላለፈው መስመሩ በካሬ ደብተር ላይ ያለ ችግር ይወርዳል።

ስክሪንና ማሽን
ከላይ የተባለው ለሸማ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ኅትመቱና ስለ ስብስቡ ነው።

12 ሥዕል 12 ትራስ ላይ ማተም ስብስብ አይባልም። ገዢ ሁለትና ሦስት አንድ ላይ የሚያነሣው እርስ በርስ ሲዋደዱለት ነው። አራት ንድፍ ይብቃሽ፦ አንድ ዓይን የሚስብ ትልቅ ሥዕል (እንሰቱ ይመስለኛል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው)፣ ከእሱ የወጣ ደቀቅ ያለ ተደጋጋሚ ንድፍ፣ አንድ ጥለት ወይም መስመር ብቻ ያለው፣ አንድ ደግሞ ጠርዙ ብቻ የተነካ ልሙጥ ጨርቅ። ጠቅላላው ቀለም ከስድስት አይብለጥ፣ ሁለቱ በአራቱም ንድፍ ላይ ይመላለሱ። አደይና ኮሶን አንድ ላይ ብታመጪ ቢጫውና ቀዩ ይጣላሉ፤ አንዱን ለሚቀጥለው ዙር አሳድሪው።

ተደጋጋሚውን ንድፍ በእጅ እንዲህ ትሠሪያለሽ። ወረቀቱ መሐል ላይ ሣዪ፣ ጠርዙን አትንኪ። ቁመቱን ለሁለት ቁረጪና ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዙረሽ ከጀርባ በፕላስተር አያይዢ። አግድሙንም ቆርጠሽ እንደዚያው አድርጊ። አሁን መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ እሱን ሙዪው። ከዚያ ዘጠኝ ኮፒ አድርገሽ ሦስት በሦስት ግድግዳ ላይ ለጥፊና ከሦስት ሜትር ርቀት እዪው። ቅርብ ሆነሽ ያልታየሽ ሰያፍ መስመር ወይም ቀዳዳ ከዚያ ላይ ይወጣል። ይህን ሳያደርጉ ያሳተሙት መጋረጃ ሆኖ ሲሰቀል ነው ስህተቱ የሚታየው።

ሥዕሉን በስልክ አታንሺው። ጠርዙ ይጣመማል፣ ነጩ ወረቀት ቢጫ ወይም ሰማያዊ ይመታል። በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አስገቢ፤ ወረቀቱ ከስካነሩ ከበለጠ በሁለት ከፍለሽ አስገብተሽ አገጣጥሚ። ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፋይል በእውነተኛ ልኩ ቢያንስ 150 ዲፒአይ ይሁን። 48 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ወደ 2,835 ፒክስል ማለት ነው፤ በ300 ከሆነ 5,669።

የኅትመቱን ዓይነት ጨርቁ ይወስነዋል። ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ተንኖ ወደ ክሩ የሚገባበት ኅትመት) ርካሽና ደማቅ ነው፤ የሚይዘው ግን ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው። ጥጥ ላይ ታትሞ ቢያምርም መጀመሪያ ሲታጠብ ይነጣል። ነጭ ቀለምም ስለማያትም ጨርቁ ራሱ ነጭ መሆን አለበት። ዲቲኤፍ የሚባለው ጥጥ ላይ ይለጠፋል፤ ነገር ግን እንደ ፕላስቲክ ያለ ስስ ሽፋን ስለሆነ ትልቅ ሥዕል ሲሆን ትራሱ ይደርቃል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ለጥጥ ስክሪን ፕሪንት (ቀለሙ በተወጠረ ወንፊት እያለፈ የሚታተምበት) ይሻላል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ስክሪን ስለሚወጣ ለስድስት ፍሬ ስድስት ስክሪን ማስወጣት ኪሳራ ነው። በሁለት ቀለም 30 ፍሬ ብታሳትሚ ግን የስክሪኑ ወጪ ይከፋፈላል። የውኃ ቀለምሽን እርጥብ ድንበር፣ ማለትም ቀለሞቹ እየፈሰሱ የሚዋሃዱበትን፣ ስክሪን አያወጣውም፤ እሱን የምትፈልጊ ከሆነ ቀጥታ ጥጥ ላይ የሚያትም ዲጂታል ማሽን ያለው ቤት ፈልጊ።

ኮምፒውተር ላይ ያየሽውን ቀለም አትመኚ። 24 ያህል የቀለም ካሬዎችን ቁጥር ሰጥተሽ በዚያው ጨርቅ ላይ አሳትሚና ከዚያ ላይ ምረጪ።

የሱቅ መዝገብ
የብዛቱንና የዋጋውን ልመልስ። ለመጀመሪያ ዙር 40 ፍሬ ይበቃል፦ በአራቱ ንድፍ ስድስት ስድስት፣ 24 ትራስ፤ 10 ራነር (40 በ150 ሳንቲ ሜትር)፤ 6 የረከቦት ጨርቅ። የረከቦቱ ላይ ቡና እንደሚፈስና ፍም እንደሚወድቅ አስቢ፤ ጥጥ ይሁን፣ ጠቆር ያለ ይሁን፣ ፖሊስተር በፍጹም አይሁን፤ ፍም ሲነካው ይቀልጣል።

ዋጋ ከሱቁ ወደ ኋላ ነው የሚሰላው። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ትራስ ጨርቅና ሽመና 700 ብር፣ ስፌት 120፣ ማሸጊያና መለያ 40፣ ትራንስፖርት 40 ቢሆን 900 ይሆናል። ለሚበላሽ 10 በመቶ ጨምሪ፣ 990። ሱቁ 40 በመቶ የሚወስድ ከሆነና 2,200 ብር ብትለጥፊ 880 ለሱቁ ይሄዳል፣ 1,320 ላንቺ ይደርሳል፣ 330 ይቀራል። ከዚያ ውስጥ ነው የንድፍ ጊዜሽና ግብሩ የሚወጣው። ለንድፉ 60 ሰዓት ፈጅተሽ ለ40 ፍሬ ስታካፍይው ለአንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል፤ 330ው ይህን የማይከፍልሽ ከሆነ ወይ ጥለቱን አቅልዪ ወይ ዋጋውን ከፍ አድርጊ። የሸማኔውን ክፍያ መቀነስ መፍትሔ አይደለም፤ ሁለተኛው ዙር ላይ እጁ እየላላ ይመጣል፣ ደግሞም ድካሙ የሱ ነው።

በቴሌግራም ስትሸጪ ከሱቁ ዋጋ በታች አትሽጪ። ባለሱቁ በሰማ ዕለት ዕቃሽን ይመልስልሻል። ዋጋና ልኩን ከፎቶው ሥር ጻፊ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ብዙ ገዢ ያባርራል። ፎቶውን ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አንሺ፤ አንዱ ትራሱ ሶፋ ላይ ሆኖ፣ ሌላው ሽመናው እስኪታይ ቀርቦ ይሁን።

ሱቅ ውስጥ «ሲሸጥ ይከፈላል» ብለሽ ስታስቀምጪ እያንዳንዱ ፍሬ ኮድ ይኑረው፣ ዝርዝሩን ሁለታችሁም ፈርሙ። ወረቀቱ ላይ የክፍያው ቀን፣ ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢቆሽሽ ማን እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስታወት አጠገብ እንዳይሰቀልም ጨምሪበት፤ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጎኑ ይነጣል።

ለገና ካሰብሽ ትዕዛዙ በጥቅምት መጀመሪያ ሸማኔው እጅ ይግባ። ከበዓላት በፊት ሸማኔ ሁሉ በቀሚስ ሥራ ይያዛል፤ ኅዳር ላይ የመጣ ትዕዛዝ ለጥምቀትም ላይደርስ ይችላል።

ሸራና ቀለም
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስቀሎቹን አወጣኋቸው። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የሆቴሉ ውልና፣ አሜሪካ ላለች ዘመዴ የተሞላ ትራስ ልኮ ማሸጥ ይቻላል ወይ የሚለው።

ውልና ማኅተም
ለሆቴሉ ሥዕሉን አትሽጪ፣ ፈቃድ ስጪ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ሲተላለፍም በጽሑፍ ነው። ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይቀመጥ፦ ምርቱ (መጋረጃ ብቻ)፣ ቦታው (የትኛው ሕንፃ)፣ ብዛቱ በሜትር፣ ዘመኑ (ሁለት ወይም ሦስት ዓመት)፣ ክፍያው። አንድ ሕንፃ ብቻ ከሆነ ቁርጥ ያለ ክፍያ ይቀላል። መጋረጃውን አምርተው የሚሸጡ ከሆነ ግን ከሽያጩ በመቶኛ ተስማሚና ቅድሚያ የሚከፈል፣ የማይመለስ ዝቅተኛ መጠን ይኑረው። «ማንኛውም አገልግሎት» የሚል ሐረግ ካየሽ አሰርዢው፤ ያ ቃል ትራስሽን ጭምር ይወስድብሻል። ዋናውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለመስቀል ቢገዙም የማባዛት መብቱ አብሮ አይሄድም፤ ይህንንም በአንድ መስመር ጻፊው።

ተደጋጋሚውን ንድፍ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት ማስመዝገብ ከፈለግሽ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይቻላል። አዲስነት ስለሚጠየቅ ማመልከቻው ንድፉ ቴሌግራም ላይ ከመለጠፉ በፊት ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይግባ።

የሱቅ መዝገብ
ወደ አሜሪካ ልብሱን ብቻ ላኪ። የተሞላ ትራስ ቦታ ስለሚይዝ የጭነቱ ሒሳብ ከትራሱ ይበልጣል፤ በርካታ ግዛቶችም የሙሌቱን ዓይነት የሚገልጽ የተለየ መለያ ይጠይቃሉ። ዘመድሽ 50 በ50 የሆነ ሙሌት እዚያው ትግዛ፤ ከልብሱ አምስት ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ ማዕዘኖቹ ሞልተው ይቆማሉ።

ልብሱ ላይ በእንግሊዝኛ የክሩ ዓይነት በመቶኛ፣ የተሠራበት አገርና የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስም የተሰፋ መለያ ይኑር። ጥለቱ ጥጥ ካልሆነ «መቶ በመቶ ጥጥ» ብለሽ አትጻፊ፤ የሚያብረቀርቀውን ክር ስትገዢ ከምን እንደተሠራ ነጋዴውን ጠይቂና መዝግቢ። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ታግዷል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) ውጭ ናት። ስለዚህ ዘመድሽ ለገዢ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ሦስት ልብስ ብቻ ያለው ጥቅል ላኪላትና ቀረጡ ስንት እንደመጣ በደረሰኝ ትያዘው።