ሚሳይል የሚተኮስበት የመኪና ውድድር ለልጆች ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?

አወያይ፦ ሰላም የሐዋሳ ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ ከአቶቴ ሰፈር የመጣ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ልጆች «ዋይፕአውት» ሲጫወቱ ያዩ ወላጆች፣ ባለቤቶቹ ከ12 ዓመት በታች ያሉትን ይከልክሉልን ብለዋል። ለማታውቁት፦ የመጪው ዘመን ውድድር ነው። መኪኖቹ ጎማ የላቸውም፣ ይንሳፈፋሉ። መንገዱ ላይ ባለው ባለቀለም ምልክት ላይ ያለፈ ሮኬት ወይም ፈንጂ ይሰጠዋል። በዚያ ተፎካካሪውን ይመታል። ይከልከል ወይስ ይፈቀድ? ስድብ የጻፈ ከግሩፑ ይወጣል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይከልከል! ዳቦ ግዛ ብዬ የላክሁትን ልጅ ጌም ቤት ነው ያገኘሁት። «ማሚ ቆይ፣ ይሄን ሰውዬ ላፈንዳው» አለኝ። የ9 ዓመት ልጅ እኮ ነው። ፊፋ ቢጫወት ምን ይጎድልበታል?

የታቦር ልጅ፦ እትዬ፣ ሰውዬ የሚባል የለም። ሹፌሩ አይታይም፣ ደምም የለም። በፈረንጆቹ 1995 በወጣው በመጀመሪያው ላይማ ቢመቱዎት ፍጥነትዎ ነው የሚቀንሰው። መኪናው መፈንዳት የጀመረው በፈረንጆቹ 1996 በመጣው «ዋይፕአውት 2097» ላይ ነው። አሁን የምንጫወተው በፈረንጆቹ 2017 የወጣውን «ኦሜጋ ኮሌክሽን» ነው። እዚያ ላይ ያገኙትን መሣሪያ ሳይተኩሱ የመኪናው መከላከያ ጉልበት እንዲሆን መቀየር ይቻላል። መቼ ተኩሶ መቼ እንደሚቀይር የሚያውቅ ነው የሚያሸንፈው።

የሁለት ልጆች እናት፦ የእኔው መቀየሩን መቼ አወቀና! መተኮሱን ብቻ ነው የያዘው።

ባጃጅ ነጂ፦ እኔ ሚሳይሉ ይቅርብኝ። ያለ ጎማ ከመናኸሪያ ፒያሳ የምታደርስ ባጃጅ ከመጣች ግን ንገሩኝ። የጎማ ዋጋ ጨርሶኛል።

ቲቸር፦ የታቦር ልጅ፣ የሚመችህን ብቻ መርጠህ ነገርከን። እዚያው ጨዋታ ውስጥ «ኤሊሚኔተር» የሚባል አጨዋወት አለ አይደል? እሱ ላይ ነጥብ የሚያዘው ሌላውን በመምታትና በማፈንዳት ነው። ግን እኔም ይከልከል አልልም። ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ሲያወሩ እሰማለሁ። ወሬያቸው ስለ መታጠፊያ ነው። የግራና የቀኝ ፍሬኑ ለየብቻ ስለሆነ በየትኛው፣ መቼ እንደሚያዝ ይከራከራሉ። እኔን የሚያናድደኝ በትምህርት ሰዓት በሩ ክፍት መሆኑ ነው።

ጌም ቤት አለኝ፦ እኔም አቶቴ ነው የምሠራው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንጀራዬ ፊፋ ነው። ይሄን ጨዋታ የሚጠይቀኝ ጥቂት ልጅ ነው። ከልክል ብትሉኝስ በምን ልለየው? መታወቂያ የለውም። 12 ሞላኝ ካለኝ ሞላው ነው። ደግሞ የአሜሪካኖቹ የጌም ዕድሜ መመዘኛ ከ10 ዓመት ጀምሮ ፈቅዶታል፣ እናንተ 12ን ከየት አመጣችሁት? እኔ ባባርረው የሚቀጥለው ቤት ይገባል። እዚያ ሰው በሽጉጥ የሚገደልበት ይከፈትለታል።

ጋሼ፦ ልጄ፣ የጎረቤትህ ጥፋት አንተን ነጻ አያወጣህም። የዳቦ ብር ይዞ የመጣ ሕፃን መሆኑን እያወቅህ ተቀበልክ። እሱን መልስልን።

ጌም ቤት አለኝ፦ ጋሼ፣ ብሩ የዳቦ ይሁን የከረሜላ ላዩ ላይ አልተጻፈበትም።

ጤና ጣቢያ የምሠራው፦ ሁላችሁም ሚሳይሉን ይዛችሁ ቀራችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ብርሃኑ ነው። በፈረንጆቹ 2008 የወጣው «ዋይፕአውት ኤችዲ» ከቀጠሮው የዘገየው የብልጭታ ምርመራውን ስላላለፈ ነው። አስተካክለው ነው ያወጡት። ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹን ይጥላቸዋል፣ ሁሉንም አይደለም። የእኛን ጌም ቤቶች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። መጋረጃው ተዘግቶ ጨለማ ነው፣ ልጁ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረው። ጨለማና ቅርበት ነገሩን ያባብሰዋል። መጋረጃው ይገለጥ፣ ወንበሩ ራቅ ይበል። ልጁ ሕመሙ ያለበት ወላጅም ለባለቤቱ ይንገር። እኛ ጋ ይሄ ሕመም ይደበቃል፣ ልጁ ሲወድቅ ደግሞ ክብሪት እየጫሩ ያሸትቱታል። ክብሪት ምንም አይረዳውም። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ከሚጎዳ ነገር ጠብቁት።

የታቦር ልጅ፦ እሺ፣ እንስማማ። «ዞን» የሚባል አጨዋወት አለ። ብቻህን ነህ፣ የምትመታው የለም። ፍጥነቱ በራሱ ይጨምራል፣ እስክትሰባበር ትነዳለህ። ትንንሾቹ እሱን ብቻ ይጫወቱ።

ጤና ጣቢያ የምሠራው፦ ወንድሜ፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ዙሪያው በሙሉ ቀለም የሚቀያይረው እሱ አይደል እንዴ? ከሚሳይሉ አወጣኸንና ብርሃኑ ውስጥ ከተትከን።

የታቦር ልጅ፦ እሱን አላሰብኩትም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ አሁንም ይከልከል ነው የምለው። ለመጋረጃው ግን ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ።

ጌም ቤት አለኝ፦ እድሜ አልጠይቅም፣ መጋረጃውን እገልጣለሁ። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ አረፈች ብሎ የሚጮህብኝን ሁሉ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምልከው።