ክርክር፦ ኮምፒውተሩ ባይሠራም የቼክ (የምርመራ) ዋጋ ይከፈላል ወይ?

አስተባባሪ
ጥያቄው ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እስከ አለም ከተማ ባሉ ጥገና ቤቶች በየቀኑ የሚነሳ ነው። ሰው የማይነሳ ላፕቶፕ ያመጣል። ቴክኒሻኑ ይፈታዋል፣ ይለካዋል፣ ችግሩን ያገኛል። ባለቤቱ ዋጋውን ሲሰማ «ይቅር፣ መልስልኝ» ይላል። ለምርመራው መክፈል አለበት? ምክንያታችሁን አስቀምጡ። የሱቅ ስም መጥራት አይፈቀድም፤ ስድብ ይሰረዛል።

ቴክኒሻን ከጠባሴ (ደብረ ብርሃን)
ይከፈላል። «አይነሳም» የተባለ ላፕቶፕ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ቻርጀሩ ነው። ጫፉ ላይ 19 ቮልት ማሳየቱ አይበቃም፤ ባዶውን 19 አሳይቶ ጭነት ሲይዝ የሚወድቅ ሞልቷል። ስለዚህ ጭነት ተሰጥቶት ይለካል። ቀጥሎ መሰኪያው፦ ሲነቀንቁት በርቶ የሚጠፋ ከሆነ የብየዳው እግር ለቋል። ከዚያ ባትሪው ይነቀልና የማብሪያ ቁልፉ ለ30 ሰከንድ ተይዞ ይለቀቃል። ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ወጥቶ ጥርሱ በላጲስ ይጠረግና ይመለሳል። እስከዚህ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። በዚህ ከተነሳ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ነገር የለም።

ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ይወጣል፤ 19 ቮልቱ ከመሰኪያው የመጀመሪያዎቹን ሞስፌቶች (ኃይል የሚያሳልፉና የሚዘጉ ፍሬዎች) አልፎ መግባቱ ይታያል፤ ከገባ የ3.3 እና የ5 ቮልቱ መስመር ይለካል። መስመሩ ሾርት ከሆነ፣ ማለትም ከኔጌቲቩ ጋር ከተነካካ፣ ቴስተሩ ብዙ አይረዳም፤ ካፓሲተሮቹ (ኃይል የሚያጠራቅሙት ጥቃቅን ፍሬዎች) ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ስለተያያዙ የትኛውም ላይ ብታስቀምጠው ያንኑ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ከቤንች ፓወር ሰፕላይ (ቮልቱ ከሚስተካከል የጠረጴዛ ኃይል ሰጪ) 1 ቮልት ብቻ ወደ መስመሩ ይለቀቃል፤ ቦርዱ ላይ አልኮል ይቀባል። ሾርት የሆነው ፍሬ ስለሚሞቅ አልኮሉ እሱ ላይ ቀድሞ ይደርቃል። ፍሬው ከአሮጌ ቦርድ ተነቅሎ ሊተካ ይችላል፤ መቀየሩ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ማግኘቱ ግን ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። «ለዚች ፍሬ ነው እንዴ ይህን ያህል?» የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሂሳቡ የፍሬዋ አይደለም፣ የፍለጋው ነው።

ሸማች ከደብረ ሲና
ወንድሜ፣ ያስቀመጥከው ሁሉ እውነት ይሆናል። ግን ይህን ሁሉ ማድረግህን ደንበኛው በምን ያውቃል? ሳይፈታም «ቦርዱ ሞቷል» ማለት ይቻላል። «ሞቷል» ለማለት ብር ከተከፈለ ሞቷል የሚባለው ይበዛል።

ሌላም አለ። ላፕቶፕ ተከፍቶ ሲመለስ ስንት ጉድ ይዞ ይመጣል! የኪቦርዱ ሪባን ኬብል መቆለፊያው ሳይነሳ ይሳብና ይቀደዳል። ስምንት ቡሎን የነበረው በአምስት ተዘግቶ ይመጣል። ረጅሙ ቡሎን በአጭሩ ቦታ ይገባና ከላይ በኩል ፕላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ባስ ሲልም ቦርዱን ይነካል። የመፍቻ ዋጋ ከፍለን ስብራት ልንገዛ ነው?

ዳታ ብቻ (ደብረ ብርሃን)
ስለ ቡሎኑ ልክ ነህ፤ ስለ ክፍያው ግን አንስማማም። ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ለካርድ ይከፍላል፤ ባይድንም ካርዱ አይመለስለትም።

ሸማች ከደብረ ሲና
እህቴ፣ ሐኪሙ የምርመራ ውጤት በወረቀት ይሰጣል፤ ይዘኸው ሌላ ጋ ትሄዳለህ። እናንተ ዘንድ ያለው «ቦርድ ነው» የምትል አንዲት የአፍ ቃል ናት።

ቴክኒሻን ከጠባሴ
እዚህ ላይ ነጥብ አለህ።

ጥገና ከሸዋሮቢት
እኔም ጠጋኝ ነኝ፤ የምርመራ ሂሳብን ግን አልደግፍም። ቆላ ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው የሙቀትና የአቧራ ነው። ፋኑ ታፍኖ፣ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ (ሙቀት በሚስበው ብረት) መካከል ያለው ፔስት (ቅባት) ደርቆ፣ ማሽኑ ከተከፈተ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። የአየር መውጫውን በእጅ ነክቶ፣ የፋኑን ድምፅ ሰምቶ፣ ሙቀቱን በሶፍትዌር አይቶ መለየት ይቻላል። ዴስክቶፕ ከሆነ የባሰ ቀላል ነው፦ የፓወር ሰፕላዩን ባለ 24 እግር ሶኬት ነቅለህ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ታገናኛለህ፤ ፋኑ ካልዞረ አበቃ። ከዞረም ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ውስጥ መሆኑን ትለካለህ። ማዘርቦርዱ ላይ ጭንቅላቱ ያበጠ ካፓሲተር ካለ በዓይን ይታያል። መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ የሚመታው በብዛት ይሄው ፓወር ሰፕላይ ነው።

«ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ፣ ገጾቹ ሁሉ አደገኛ ነው ይሉኛል» ብሎ የሚመጣውስ? ሰዓቱን ማየት ነው። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሰ የቦርዱ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ደክሟል። ለዚህ ቼክ ልጠይቅ? ትንሽ ከተማ ውስጥ «ለማየት ያስከፍላል» የሚል ስም ከወጣብህ ሰው ደጅህን ዞሮ ያልፋል። የጠፋውን ሰዓት በተሠራው ሥራ ዋጋ ላይ አካቶ መያዝ ይሻላል።

ቴክኒሻን ከጠባሴ
እንዲህማ ከሆነ ያሠራው ሰው ላላሠራው ሰው እየከፈለ ነው። ይሄ ፍትሕ ነው?

አይሲቲ መምህር፣ መሐል ሜዳ
ሁለታችሁም ስለ ግለሰብ ደንበኛ ነው የምታወሩት። የመሥሪያ ቤትን ጣጣ ማን ያንሳ? ቴክኒሻን ይጠራል፤ ፕሪንተሩን፣ ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን)፣ ኮምፒውተሩን አይቶ ዝርዝር ይጽፋል፦ «ይሄኛው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ያኛው 8 ጊጋ ዲዲአር 4 ራም፣ ሦስተኛው 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ)»። ከዚያ ያችው ዝርዝር ለሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ትበተናለች። ያሸነፈው ዕቃውን ይሸጣል፤ መርምሮ የጻፈው ሰው የትራንስፖርቱን እንኳ አያገኝም። ዝርዝሩን ሲሠራ ራሙ ዲዲአር 3 ይሁን 4፣ የኤስኤስዲው መሰኪያ ሳታ ይሁን ኤንቪኤምኢ ለይቶ የጻፈው እሱ ነው። እሱን ሳይለዩ የገዙት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

አሁን ደግሞ የዊንዶውስ 11 ጥያቄ ተጨመረ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ «የእኛ ማሽን 11 ይችላል ወይ?» የሚል ሁሉ ይደውላል። ለመለየት ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) መኖሩንና ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ መከፈቱን፣ ሴኪውር ቡት (ያልታወቀ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለው) መኖሩን፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ባመዛኙ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አንድ ማሽን ቀላል ነው። ላቦራቶሪ ሙሉ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚጠገን ነገር ስለሌለ ደግሞ የሚካተትበት የሥራ ዋጋ የለም። ስለዚህ የሸዋሮቢቱ ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

(ከርእሱ ትንሽ ልውጣና፦ ሀርድ ዲስክ አምራቾች በብዛት የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ 3048 ሜትር ነው፤ የዲስኩ ማንበቢያ በስሱ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ። ጓሳ አካባቢ ከዚያ በላይ ነው። ደገኞች በኤስኤስዲ ቀይሩ።)

ዳታ ብቻ (ደብረ ብርሃን)
መምህር፣ የከፍታዋን ወደድኳት።

ወደ ነገራችን። ክፍያ የሚያጣላበት ዋናው ቦታ ዳታ ነው፤ ማንም አላነሳውም። «ፎርማት አርግልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ዴስክቶፕ (ስክሪኑ ፊት) እና ዶክመንት ላይ ያለው ሁሉ ሲ ላይ፣ ዊንዶውሱ ባለበት በሚጠፋው የዲስክ ክፍል፣ መሆኑን አያውቅም፤ ዲ ላይ ያለው ብቻ ነው የሚተርፈው። ካርታ የተሠራበት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ዴስክቶፕ ሄደ ማለት ነው። ኤስኤስዲ ከሆነማ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ስለሚያጸዳው በሪከቨሪ ሶፍትዌር የሚመለስ ነገር እምብዛም አይገኝም። ከፎርማት በኋላም ሌላ ጭቅጭቅ አለ፦ በፓወር ግዕዝ የተጻፈው የድሮ ደብዳቤ ፎንቱ ስላልተጫነ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ ደንበኛው ፋይሌን አበላሸህ ይላል። ፎንቱን መልሶ መጫን ነው መድኃኒቱ። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንትም ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ከተጨማሪ ፊቸሮች ካልተጫነ አይገኝም።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋ የዊንዶውስ መከላከያ) አለ። ባዮስ ሲታደስ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ባለቤቱ ማሽኑን ሲያስጀምር ባስገባው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ አካውንቱን ሌላ ሰው ከፍቶለት ከሆነ ያ ሰው ይፈለጋል። ቁልፉ ከሌለ ዳታው የለም፤ ማንም ጠጋኝ አይከፍተውም። ስለዚህ ከመንካት በፊት መጠየቅ ግድ ነው።

ቀጭ ቀጭ የሚል ሀርድ ዲስክ ሲመጣ ደግሞ ምርመራው ራሱ አደጋ አለው። የስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበው) ላይ ቁጥር 05 እና ሲ5 (የተበላሹና የተጠረጠሩ ቦታዎች ብዛት) ዜሮ ካልሆኑና እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። በዚህ ሰዓት ቼክ ዲስክ (የዊንዶውሱን የዲስክ መፈተሻ) ማስኬድ መግደል ነው። መጀመሪያ ዲዲሬስኪው በሚባል ቅጂ አውጪ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ 500 ጊጋ ጤነኛ ዲስክ በሰዓታት ያልቃል፣ የታመመው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። አልወጣ ቢልስ? መብራቱ፣ ቀኑ፣ ቅጂ መያዣው ዲስክ ሁሉ ወጥቷል። ይሄ በነፃ ይሁን የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ሸማች ከደብረ ሲና
በዚህኛው አልከራከርም። ግን አስቀድሞ ይነገር! ካለቀ በኋላ «ለሙከራው ይህን ያህል» ሲባል ነው ሰው የሚናደደው።

ጋሽ ራዲዮ
ልጆች፣ አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለሁለታችሁም ነው። ጠጋኙ ዋጋውን ሳይናገር ይፈታል፤ ባለቤቱ ሳይጠይቅ ትቶ ይሄዳል። ደግሞም በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። ቼክ የምታስከፍሉ ከሆነ ግድግዳው ላይ ጻፉት። ያልተለጠፈ ዋጋ ሲጠየቅ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ጥገና ከሸዋሮቢት
ጋሼ፣ ይሄን አልቃወምም። ግን ስንት ብሎ ይለጠፍ? ባዮስ ፕሮግራም ማድረግና ፋን መጥረግ አንድ ምርመራ አይደሉም። የባዮስ ቺፑ የ1.8 ቮልት ሆኖ ያለ አዳፕተር በ3.3 ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል፤ ያ ኃላፊነት ዋጋ አለው።

ቴክኒሻን ከጠባሴ
በሁለት ደረጃ ይሁን። ማዘርቦርዱ ሳይወጣ የሚታየው፣ የሩብ ሰዓቱ፣ ነፃ። ማዘርቦርድ የሚያስወጣው በተለጠፈ አንድ ዋጋ፤ እንበል 300 ብር። ባለቤቱ ካሠራ ከጠቅላላው ላይ ይቀነስለታል። ዳታ ለብቻው በስምምነት። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከመግባታችን በፊት ይደወላል፤ «እሺ» ካላለ አይፈታም።

ለሸማቹ ደግሞ፦ የከፈለ ሰው ወረቀት ይዞ ይሂድ። ወረቀቱ ላይ የተለካው ይጻፍ፦ «19 ቮልት አለ፣ 3.3 የለም፣ የ5 ቮልት መስመር ሾርት፣ ፍሬው አልተለየም»። ያን ይዞ አዲስ አበባ ቢሄድ እዚያ ያለው ጠጋኝ ከዜሮ አይጀምርም።

ሸማች ከደብረ ሲና
ሲረከቡስ? ራም ተቀይሮብኛል የሚል ሰው ብዙ ነው።

ዳታ ብቻ (ደብረ ብርሃን)
ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ ደንበኛው ፊት ይከፈትና የራሙ መጠን፣ የዲስኩ ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር በስልክ ፎቶ ይነሳል። የማይነሳ ከሆነ የታች ክዳኑ እዚያው ፊቱ ተከፍቶ የራሙና የዲስኩ ተለጣፊ ፎቶ ይነሳል። አንዱ ቅጂ ለእሱ በቴሌግራም ይላክለታል። የስክሪን ጭረት፣ የጎደለ ቡሎን፣ የላላ ማጠፊያ ሁሉ አብሮ ይመዝገብ፤ ይሄ ጠጋኙንም ከሐሜት ያድነዋል።

አይሲቲ መምህር፣ መሐል ሜዳ
ለመሥሪያ ቤትስ? 300 ብሩን ማን ይፈርማል? የምርመራ ክፍያ የሚባል መስመር በግዢ ጥያቄው ላይ ከሌለ ሒሳብ ክፍሉ ደረሰኝ ቢቀርብም አይቀበልም።

ቴክኒሻን ከጠባሴ
መምህር፣ ለመሥሪያ ቤት መርምሮ ዝርዝር ማውጣቱ ራሱን የቻለ አገልግሎት ተብሎ ከዕቃ ግዢው በፊት ለብቻው ይጠየቅ። ፕሮፎርማውም ለእሱ ይሰብሰብ። ካልሆነ ዝርዝር አንጽፍም፤ «ባትሪ ያስፈልገዋል» ብለን እንወጣለን።

ጥገና ከሸዋሮቢት
እናንተ ደብረ ብርሃን ሆናችሁ እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካው፣ ባንኩ አለላችሁ። እኔ ዘንድ መሥሪያ ቤቱን እምቢ ካልኩ የወሩ ግማሽ ሥራ ሄደ። ወረቀቱንና ፎቶውን ከነገ ጀምሮ አደርገዋለሁ፤ 300 ብሯን ግን ግድግዳዬ ላይ አልጽፍም።

ሸማች ከደብረ ሲና
እንግዲያው የሚፈታ ነገር ሲኖረኝ ቁልቁል ሸዋሮቢት ነው የምወርደው።

ቴክኒሻን ከጠባሴ
ውረድ፤ ግን አልኮልና ቤንች ፓወር ሰፕላይ እንዳለው አስቀድመህ ደውለህ ጠይቀው።