የታጂማ ዲ −1.9 ወጣልኝ፤ ይህ የተፈጥሮ መረጣ ምልክት ነው?

ጀማሪዋ፦
ለማስተርስ ጥናቴ በሽታን ከመከላከል ጋር ግንኙነት አለው የሚባል አንድ ጂን መርጬ፣ የ90 ሰዎችን ሙሉ የዲኤንኤ ንባብ ለሁሉም ክፍት ከሆነ የመረጃ ቋት አውርጄ አሰላሁ። የታጂማ ዲ (በናሙና ውስጥ ያሉት የዲኤንኤ ልዩነቶች ብርቅ ወይስ የተለመዱ እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር) −1.9 ወጣ። የተማርኩበት መጽሐፍ ዋጋው ከዜሮ እጅግ ካነሰ መረጣን ጠርጥሩ ይላል፤ እኔ ግን መጠርጠሩን ትቼ አመንኩና በደስታ ስጽፍ አደርኩ። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ ከርዕሱ ሥር በእርሳስ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚል ብቻ ጽፈውበታል። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከዜሮ ጋር አነጻጽሬያለሁ እኮ! ሌላ ምን አለ?

ቆጣሪው፦
ዜሮ የሚጠበቀው የሕዝቡ ብዛት ለረጅም ዘመን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ከኖረ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ እንዲያ ኖሮ አያውቅም። ታጂማ በ1989 ያወጣው ስሌት ሁለት ግምቶችን ያስተያያል፤ አንደኛው በማናቸውም ሁለት ቅጂዎች መካከል በአማካይ ስንት ልዩነት እንዳለ፣ ሁለተኛው በናሙናው ውስጥ በጠቅላላ ስንት ቦታ ላይ ልዩነት እንደታየ። በአንድ ሁለት ሰው ብቻ የሚገኙ ብርቅ ልዩነቶች ሲበዙ ሁለተኛው ይገዝፍና ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠቃሚ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) በፍጥነት ሲስፋፋ በዙሪያው የነበረውን ብዝኃነት ጠርጎ ስለሚሄድ፣ ከዚያ ወዲህ የሚፈጠሩት ልዩነቶች ብርቅ ይሆናሉ። ሕዝብ በፍጥነት ሲበዛም የሚሆነው ይኸው ነው! ነገር ግን የሕዝብ ዕድገት ጂኖሙን (ጠቅላላውን ዲኤንኤ) በሙሉ ሲነካ መረጣ የሚነካው የተወሰነ ቦታን ነው። ስለዚህ ያንኑ ስሌት በቀሩት 20,000 ገደማ ጂኖች ላይ ይሥሩና የእርስዎ ጂን ስንተኛ እንደሚሆን ይዩ። ንባቡ ሙሉ መሆኑ በጀዎት፤ በቺፕ፣ ማለትም አስቀድሞ የተመረጡ ቦታዎችን ብቻ በማንበብ፣ የተሰበሰበ መረጃ ብርቅ ልዩነቶችን ስለሚያስቀር ዋጋው ወደ ላይ ይገፋብዎት ነበር።

ሽበት፦
እህቴ፣ አማካሪሽን አመስግኚ። እኔን በጊዜው የጠየቀኝ አልነበረም። አንድ ጂን «በመረጣ ያለፈ» ብዬ ትልቅ ፖስተር አሳትሜ ጉባኤ ላይ ቆምኩ። አንዲት ወጣት መጥታ ለረጅም ጊዜ ካነበበች በኋላ «እዚህ ቦታ ላይ ሪኮምቢኔሽን ምን ያህል ነው?» አለችኝ። ክሮሞዞሞች በየትውልዱ ምን ያህል እየተቆራረጡ እንደሚቀላቀሉ መጠየቋ ነው፤ እኔ አላየሁም ነበር። ለካ ሪኮምቢኔሽን የለም በሚባልበት አካባቢ ላይ ነበርኩ። እንዲህ ባለ ቦታ ጎጂ ሚውቴሽኖች ሲወገዱ ጎረቤቶቻቸውንም ይዘው ስለሚጠፉ፣ ምንም ጠቃሚ ነገር ሳይስፋፋ ብዝኃነት ይመነምናል። ፖስተሩን ከምሳ በፊት ጠቅልዬ ወጣሁ።

እውነተኛ ምልክት ለማየት ላክቴዝን ተመልከቺ። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ይህ ኢንዛይም በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከሕፃንነት በኋላ ይቀንሳል። በሰሜን አውሮፓ ግን አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተለውጣ በብዙ ሰዎች ዘንድ ሳይቀንስ ይዘልቃል። ፊደሏ ያለችው በራሱ በላክቴዝ ጂን ውስጥ እንኳ አይደለም፤ 14,000 ፊደላት ያህል ርቃ በጎረቤቱ ጂን ውስጥ ነው። እሷን የተሸከሙት ክሮሞዞሞች ብዙዎቹ ከ1 ሚሊዮን ፊደላት በላይ በሚዘልቅ ርቀት ይመሳሰላሉ። ሪኮምቢኔሽን በየትውልዱ ክሮሞዞምን እየቆራረጠ ስለሚያቀላቅል፣ ሳይቆረጥ የቆየ ረጅም ሃፕሎታይፕ (በአንድነት የሚወረስ የክሮሞዞም ቁራጭ) ዕድሜው አጭር ነው። በአጭር ዕድሜ ይህን ያህል ሕዝብ ያዳረሰ ልዩነት ደግሞ በአጋጣሚ ብቻ ደረሰ ማለት ይከብዳል። በ2007 በኬንያና በታንዛኒያ አርብቶ አደሮች ዘንድ ሌላ ፊደል፣ እዚያው አካባቢ፣ ለብቻዋ ተለውጣ ተገኘች፤ የእሷ ሃፕሎታይፕ ከ2 ሚሊዮን ፊደላት ይበልጣል። ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ቃል የሰጡ ሁለት ምስክሮች በይው። እኔን ያሳመነኝ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ነው።

አልፎ ሂያጅ፦
መረጣ ሁሉ ጠራጊ አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠው የሂሞግሎቢን ልዩነት አንድ ቅጂ ሲሆን ከጽኑ ወባ ይከላከላል፤ ሁለት ሲሆን ያሳምማል። ስለዚህ አይጠፋም፣ ሕዝቡንም ጠቅልሎ አይዝም። ቁመትን በመሰሉ፣ ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡባቸው ባሕርያት ላይማ ጥንቃቄው ይብሳል፤ በአውሮፓ የቁመት መረጣ ተብሎ የተወራለት ምልክት በ2019 በብሪታንያው ትልቅ የጤናና የዘር መረጃ ቋት፣ በዩኬ ባዮባንክ፣ መረጃ ሲፈተሽ አብዛኛው ከስሟል። የሕዝቦች የዘር አወቃቀር ልዩነት በስሌቱ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ነበር።

ጀማሪዋ፦
ሠራሁት። ኮምፒውተሩ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ከ2,000 በላይ ጂኖች ከእኔው በታች ናቸው፤ አማካዩ ራሱ ከ−1 ያነሰ ነው። የጂኔ ዋጋ በዚህ ሕዝብ ውስጥ ተራ መሆኑን ሳይ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በራሴ ሳቅኩ። ርዕሱን ሰርዣለሁ። ነገ ወደ ሃፕሎታይፑ ርዝመት እገባለሁ፤ ሽበት፣ የሪኮምቢኔሽን ካርታውን ከሁሉ አስቀድሜ አውርጃለሁ።